ቀድሞ የሚቀልጠው ሽቦ፦ የባትሪና የፊውዝ ታሪክ፣ ከኔቫ ወንዝ እስከ ወላይታ ሶዶ

ወላይታ ሶዶ ውስጥ ባጃጅ የሚጠገንበት ደጃፍ ላይ ትንሽ ቆም ብላችሁ ብትመለከቱ፣ ከዕቃዎቹ መሀል ሁለት የብረት ጥርስ ያላት፣ ጥፍር የምታክል ባለቀለም ፕላስቲክ አታጡም። ቀይ ከሆነች 10 አምፒር፣ ሰማያዊ ከሆነች 15፣ ቢጫ ከሆነች 20፣ አረንጓዴ ከሆነች 30 ማለት ነው። ፊውዝ ናት። በውስጧ ያለችው ቀጭን ብረት ሥራዋ አንድ ብቻ ነው፤ ሌላው ሽቦ ከመቃጠሉ በፊት እሷ ቀድማ መቅለጥ።

ከከተማዋ ሳንርቅ ሌላ ነገር እንመልከት። ሶዶ አጠገብ ያለው የኤሌክትሪክ መቀየሪያ ጣቢያ 500,000 ቮልት ተሸክሞ ወደ ኬንያ የሚሄደው መስመር መነሻ ነው። ከሶዶ በሁምቦ በኩል ቁልቁል ብትወርዱ ደግሞ አባያ ሐይቅ ትደርሳላችሁ። እዚያ ጀልባ አለ፤ ጀልባዋ ላይ ባትሪ ከተጫነ ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት ብቻ ነው።

ባጃጁ፣ ጣቢያውና ጀልባዋ በምን ይገናኛሉ? ከባትሪው የሚወጣውም፣ ወደ ኬንያ የሚሄደውም አንድ ዓይነት ጅረት ነው፤ ቀጥታ ጅረት ወይም ዲሲ ይባላል። ሦስቱም አንድ ጥያቄ አለባቸው፦ ነገር ሲበላሽ ይህን ጅረት ማን ያስቆመዋል? ይህ ጽሑፍ የዚህን ጥያቄ ታሪክ ይተርካል። መጨረሻ ላይም ታሪኩ ያስተማረንን ይዘን ለአንዲት ጀልባ በወረቀት ላይ ሽቦ እንዘረጋላታለን።

ባትሪው ቀድሞ ደረሰ

ለእጅ ባትሪ የምንገዛውን ነገር በአማርኛ "የባትሪ ድንጋይ" እንለዋለን። የሚገርመው የመጀመሪያው ባትሪም የድንጋይ ካብ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1800 ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ የብርና የዚንክ ክቦችን፣ በመሀላቸው በጨው ውኃ የራሰ ጨርቅ እያስገባ፣ አንዱን በአንዱ ላይ ደራረበ። የካቡን ጫፍና ጫፍ በሽቦ ሲያገናኝ ሳይቋረጥ የሚፈስ ጅረት አገኘ። ከዚያ በፊት ሰው የሚያውቀው ኤሌክትሪክ እንደ መብረቅ ብልጭ ብሎ የሚጠፋውን ነበር።

ይህን አዲስ ኃይል ጀልባ ላይ ለመጫን አርባ ዓመት እንኳ አልፈጀም። እ.ኤ.አ. በ1838 ሞሪትዝ ያኮቢ የተባለ መሐንዲስ በሩሲያዋ ሴንት ፒተርስበርግ፣ በኔቫ ወንዝ ላይ፣ በባትሪና በሞተር የምትሄድ ጀልባ ከአሥር በላይ ሰዎች አሳፍሮ ነዳ። ቤንዚን የሚጠጣ መኪና ገና አልተወለደም ነበር! እ.ኤ.አ. በ1881 ደግሞ ፈረንሳዊው ጉስታቭ ትሩቬ ከጀልባ ኋላ የሚንጠለጠልና ሲፈለግ የሚነሳ የኤሌክትሪክ ሞተር ሠርቶ በፓሪስ ሴን ወንዝ ላይ ሞከረው። ዛሬ በሐይቆቻችን ላይ ከጀልባ ኋላ ተንጠልጥሎ የምናየው ሞተር የሩቅ አያቱ ይኸው ነው።

ታዲያ እነዚያ ጀልባዎች ያለ ፊውዝ እንዴት አልነደዱም? ከመልሱ አንዱ ክፍል የባትሪዎቹ ድክመት ነው። እያንዳንዱ ባትሪ በውስጡ ለጅረት ተቃውሞ አለው፤ ሬዚስታንስ የምንለው ማለት ነው። የያኔዎቹ አብዛኞቹ ባትሪዎች የውስጥ ተቃውሟቸው ትልቅ ስለነበር ሁለቱ ጫፎቻቸው በስህተት ቢነካኩ እንኳ፣ እኛ "ሾርት አደረገ" የምንለው ቢደርስ፣ የሚወጣው ጅረት መጠነኛ ነበር። ደካማ ባትሪ በድክመቱ ራሱን ይጠብቃል።

ነገሩን የለወጠው እርሳስ ነው። ጋስተን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 የእርሳስ ዝርጎችን ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ነክሮ፣ ሲያልቅ ተመልሶ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ሠራ። ካሚል ፎር በ1881 አሻሻለውና በፋብሪካ በብዛት ለመሥራት የሚመች ሆነ። ዛሬ መኪና ውስጥ ያለው ከባዱ ባትሪ የዚሁ ልጅ ነው። የእርሳስ ባትሪ የውስጥ ተቃውሞው እጅግ ትንሽ ነው። ሞተር ለማስነሳት ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ ሾርት ሲሆን ግን ያው በረከት እሳት ይሆናል።

የምን ያህል እሳት?

እስቲ እናስላው። አንድ 100 አምፒር ሰዓት የሚይዝ ጤነኛ የ12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ የውስጥ ተቃውሞው 0.005 ኦም ገደማ ሊሆን ይችላል። 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ በአንድ ሜትር 0.007 ኦም ያህል ተቃውሞ አለው፤ 2 ሜትር ከሆነ 0.014። ለማያያዣዎቹ 0.001 እንጨምርና ድምሩ 0.020 ኦም ይሆናል። ጆርጅ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው ሕግ መሠረት ጅረቱ ቮልቴጅ ሲካፈል ለተቃውሞ ነው፦ 12 ሲካፈል ለ0.020፣ ማለትም 600 አምፒር።

ሙቀቱስ? ይህን የነገረን እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል ነው፤ ዘመኑ 1841 ነበር። ጅረቱ በራሱ ተባዝቶ በተቃውሞው ሲባዛ ሙቀቱን ይሰጣል። ጅረቱ እጥፍ ከሆነ ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። 600 በ600 በ0.014 ብናባዛ 5,040 ዋት እናገኛለን። እንጀራ የሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ነው። ከአንድ ምጣድ በላይ ሙቀት ሁለት ሜትር ቀጭን ሽቦ ላይ ሲያርፍ አስቡት። ፕላስቲኩ በሰከንዶች ውስጥ ይጨሳል፣ ይቀልጣል፣ ከዚያ አጠገቡ ያለው እንጨት ወይም ነዳጅ ይከተላል።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት እናርም። "12 ቮልት እኮ አይዝም፣ ምንም አያደርግም" ሲባል ትሰማላችሁ። 12 ቮልት በደረቅ እጅ ሲነኩት አለመያዙ እውነት ነው። ግን እሳት የሚያስነሳው የጅረቱ ብዛት ነው፤ ቮልቴጁ ትንሽ መሆኑ እሳቱን አያስቀረውም። 12 ቮልት ሰውን ባይዝም ጀልባን ያቃጥላል።

ፊውዝ ከመብረቅ ተወለደ

የፊውዝ ታሪክ የሚጀምረው ከባትሪ ሳይሆን ከሰማይ ነው። በ1840ዎቹ አውሮፓ ውስጥ የቴሌግራፍ ሽቦ በየሜዳው ሲዘረጋ፣ መብረቅ ሽቦውን እየመታ እስከ ቴሌግራፍ ቤቱ ድረስ እየገባ መሣሪያዎቹን ያቃጥል ጀመር። ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬጌ እ.ኤ.አ. በ1847 አንድ ቀላል መላ አቀረበ፦ ወፍራሙ የውጭ ሽቦ ቤት ከመግባቱ በፊት በመሀሉ በጣም ቀጭን ሽቦ ይግባበት። መብረቅ ሲመጣ ቀጭኑ ይቀልጣል፣ መንገዱ ይቋረጣል፣ ውስጥ ያለው ይተርፋል። በጣም ደካማው ቦታ የት እንደሚሆን አስቀድሞ መምረጥ፤ የፊውዝ ሐሳብ በሙሉ ይኸው ነው።

ብሬጌ የተከላከለው ከውጭ የሚመጣን ጠላት ነበር። ቶማስ ኤዲሰን በመስከረም ወር 1882 በኒው ዮርክ ፐርል ጎዳና ላይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያ ሲከፍት ግን ጠላቱ ቤት ውስጥ ነበር። ጅረቱ ቀጥታ ጅረት፣ ቮልቴጁ 110 ገደማ ነበር። ደንበኞቹ የጋዝ መብራት የለመዱ ሰዎች ናቸው፤ አንድ ቤት ቢቃጠል ንግዱ ያበቃለታል። ስለዚህ በየመስመሩ መነሻ በቀላሉ የሚቀልጥ የእርሳስ ሽቦ አስገባ። "የደኅንነት ሽቦ" ብንለው ስሙን በደንብ ይገልጸዋል።

ቀጭኑ ሽቦ በስንት አምፒር እንደሚቀልጥ ለማወቅ ደግሞ ሙከራ ያስፈልግ ነበር። በዚያው በ1880ዎቹ የእንግሊዝ ፖስታና ቴሌግራፍ መሐንዲስ የነበረው ዊልያም ፕሪስ የተለያዩ ብረቶችን በየውፍረታቸው እያቀለጠ ለካ፤ ዛሬም መሐንዲሶች ለግምት የሚጠቀሙበትን ቀመር ትቶልናል። በእሱ ቀመር ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ የመዳብ ክር የሚቀልጠው በ28 አምፒር ገደማ ነው።

ይህችን ቁጥር ያዟት። ፊውዝ ሲቃጠል ከተቆረጠ ሽቦ አንድ ሁለት የመዳብ ክር መዝዞ መጠምጠም በአገራችን የተለመደ "ጥገና" ነው። የ10 አምፒር ፊውዝ ቦታ አንድ ግማሽ ሚሊ ሜትር ክር ብታስገቡ ፊውዙን 28 አደረጋችሁት። "እንዳይበጠስ" ብላችሁ ሦስት ክር ብትገምዱ ወደ 80 ይጠጋል። መብራቱ ይበራል፣ ሬዲዮው ይናገራል፣ ሁሉ ሰላም ይመስላል። ግን አሁን ቀድሞ የሚቀልጠው ፊውዙ መሆኑ ቀርቷል። ቤቱ ውስጥ ወይም ጀልባዋ ውስጥ ያለ ሌላ ሽቦ ፊውዝ ሆኗል፤ የትኛው እንደሆነ ደግሞ ማንም አልመረጠውም።

ይህ የእኛ ብቻ ልማድ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካኖች በስፒል የሚገባ ፊውዝ በነበራቸው ዘመን ፊውዙ ሲቃጠልባቸው ከሥሩ ሳንቲም ይወትፉ ነበር። ችግሩ ስለበዛ በኋላ ሳንቲም የማያስገባ፣ ከተፈቀደለት አምፒር በላይ የሆነውንም የማይቀበል ፊውዝ ለመሥራት ተገደዋል። ሰው በየትም አገር ያው ነው፤ መብራቱ እንዲመጣለት ይፈልጋል፣ ለምን እንደጠፋ ግን መጠየቅ ይሰለቸዋል።

ዲሲ፦ የማያርፈው ጅረት

ኤዲሰን የጀመረው ዲሲ ብዙም ሳይቆይ ተሸነፈ። ቴስላና ዌስቲንግሃውስ ያራመዱት ተለዋዋጭ ጅረት፣ ማለትም ኤሲ፣ በትራንስፎርመር ቮልቴጁን ከፍና ዝቅ ማድረግ ስለሚቻል ሩቅ መጓዝ ቻለ። በአገራችንም መብራት ኃይል እ.ኤ.አ. በ1956 ተቋቁሞ ለየከተማው ያደረሰው ኤሲ ነው፤ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ።

50 ኸርዝ ማለት ጅረቱ በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲህና ወዲያ ይመላለሳል ማለት ነው። አቅጣጫ ሊቀይር ሲል ደግሞ ለቅጽበት ዜሮ ይሆናል፤ በሰከንድ 100 ጊዜ። ይህ ለፊውዝ ትልቅ ነገር ነው። ለምን?

ፊውዝ ሲቀልጥ ነገሩ ወዲያው አያልቅም። በተከፈተው ክፍተት መሀል ጅረቱ በአየር ውስጥ ብልጭ እያለ መሻገር ይሞክራል። ብየዳ ሲሠራ ያያችሁት ዓይን የሚያጠፋ ብርሃን ዘመዱ ነው፤ የኤሌክትሪክ ቅስት ይባላል፤ ሙቀቱ በሺዎች ዲግሪ ይቆጠራል። ኤሲ ከሆነ ጅረቱ ዜሮ ሲነካ ቅስቱ ትንፋሽ ያጣል፣ ይጠፋል። ዲሲ ግን አያርፍም። ዜሮ የለውም። ቮልቴጁ ከፍ ባለ ቁጥር፣ ጅረቱም በበዛ ቁጥር ቅስቱ ግትር ይሆናል። ስለዚህ ለቤት ኤሲ የተሠራ ብሬከር ወይም ፊውዝ ለባትሪ መስመር ይሆናል ብሎ መገመት አደገኛ ነው፤ ላዩ ላይ ለዲሲ እንደሚሠራና እስከ ስንት ቮልት እንደሆነ መጻፍ አለበት። የባጃጇ ባለቀለም ፊውዝ ለምሳሌ ብዙውን ጊዜ እስከ 32 ቮልት ዲሲ ናት፤ 48 ቮልት የሶላር ሥርዓት ላይ ቦታዋ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ሶዶ እንመለስ። በወላይታና በዳውሮ መካከል በሚፈሰው ኦሞ ወንዝ ላይ የተገነባው ግልገል ጊቤ 3 ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ከ240 ሜትር በላይ ቁመት ያለው ግድብ ነው፤ አሥር ተርባይኖቹ በድምሩ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ኃይሉ በ400,000 ቮልት ኤሲ ሶዶ ይደርሳል። ከሶዶ ወደ ኬንያ ግን ኤሲ አልተመረጠም። እጅግ ረጅም ለሆነ መስመር ዲሲ የሚያባክነው ኃይል ያነሰ ነው፤ የሁለት አገር መረቦችንም ትርታቸውን እኩል ማድረግ ሳያስፈልግ ያገናኛል። ይህ ቴክኖሎጂ በንግድ ደረጃ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1954 ስዊድን የጎትላንድ ደሴትን በባሕር ሥር ስታገናኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ዲሲ ቀስ በቀስ ተመልሶ መጣ። ከሶዶ ተነስቶ ናይሮቢ አቅራቢያ ሱስዋ የሚደርሰው መስመር 2,000 ሜጋ ዋት መሸከም ይችላል፤ በ2015 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ኃይል ለኬንያ መሸጥ ተጀመረ።

ታዲያ ያ መስመር ቢበላሽ ማን ያቆመዋል? 500,000 ቮልት ዲሲ ላይ ተራ ፊውዝ ማሰብ ቀልድ ነው። መፍትሔው ጅረቱን በግድ ከመቁረጥ ይልቅ ምንጩን ማዘዝ ነው። መቀየሪያ ጣቢያው ውስጥ ታይሪስተር የሚባሉ ትልልቅ የኤሌክትሮኒክስ በሮች አሉ። ብልሽት ሲታይ የሚከፈቱበት ጊዜ ይቀየርና ጅረቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ አስፈላጊ ከሆነም በኤሲው በኩል ያለው ብሬከር ይቆርጣል። ለእንዲህ ዓይነት መስመር የሚሆን ፈጣን የዲሲ ብሬከር አንድ ትልቅ ኩባንያ ሠራሁ ብሎ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ ኤዲሰን ጣቢያውን ከከፈተ ከ130 ዓመት በኋላ! ቀጥታ ጅረትን ማስቆም ይህን ያህል ከባድ ነው።

ጀልባ ላይ ግን ባትሪውን "ጅረት ቀንስ" ብሎ የሚያዘው ታይሪስተር የለም። ያለችው ፊውዝ ናት።

አባያ፣ ጀልባና አዲሱ ባትሪ

አባያ ቀይ ቡናማ ውኃ ያለው ሰፊ ሐይቅ ነው፤ ስፋቱ ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያልፋል። ቀለሙ ከሥር ከሚነሳውና ወንዞች ከሚያመጡት ደለል ነው፤ ከወላይታ በኩል የሚገባበት ዋናው ወንዝ ብላቴ ነው። ጣሊያናዊው አሳሽ ቪቶሪዮ ቦቴጎ በ1890ዎቹ መጥቶ በንግሥቲቱ ስም "ማርገሪታ" ብሎት ነበር፤ ስሙ ካርታ ላይ ቆየ እንጂ አልዘለቀም። የሐይቁ ሰዎች ግን ከቦቴጎ በፊትም በውኃው ላይ ነበሩ። የጊዲቾ ደሴት ነዋሪዎች አምባች ከሚባል በጣም ቀላል እንጨት ከብት ሳይቀር የሚያሻግር ታንኳ በመሥራት ይታወቃሉ። በዚያ ታንኳ ላይ የሚነድ ሽቦ አልነበረም።

ዛሬ ነገሩ ተቀይሯል። ሶላር ፓነልና ባትሪ በየገጠሩ ኩራዝን እየተኩ ነው። ባትሪውም ተለውጧል፤ ሊቲየም መጥቷል። ሶኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ያቀረበው የሊቲየም አዮን ባትሪ ለሦስት ሳይንቲስቶች፣ ለጉድኢናፍ፣ ለዊቲንግሃምና ለዮሺኖ፣ የ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2015 አምፔር የተባለች፣ መኪና የምታሻግር፣ በባትሪ ብቻ የምትሄድ መርከብ ሥራ ላይ አዋለች። ያኮቢ ኔቫ ላይ የጀመረው ከ177 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

የሊቲየም ባትሪ ቀላል ነው፣ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ሾርት ሲሆን ግን ከእርሳሱም የባሰ ጅረት ሊያወጣ ይችላል። የታሪኩን ዜማ ልብ በሉ፦ ኃይሉ ቀድሞ ይደርሳል፣ ጠባቂው ኋላ ይመጣል። ቴሌግራፉ ቀድሞ፣ ፊውዙ ኋላ። ባትሪው ገጠር ደርሷል፤ ፊውዙና የፊውዙ ዕውቀት አብረው ካልደረሱ ክፍተቱን የሚሞላው አደጋ ነው። መሬት ላይ ያለ ሰው እሳት ሲነሳ ሮጦ ይወጣል። ጀልባ ላይ ያለ ሰው የት ይሮጣል? አዞ ያለበት ሐይቅ ውስጥ ይዝለል?

አንዲት ጀልባ በወረቀት ላይ

እርሳስና ወረቀት አምጡ። አንድ የ12 ቮልት ባትሪ ያላት ጀልባ አለችን እንበል።

መጀመሪያ ጭነቱን እንቁጠር። መብራት 24 ዋት፣ ሬዲዮና ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ 24 ዋት፣ የገባ ውኃ የሚያወጣ ፓምፕ 60 ዋት። ድምሩ 108 ዋት። በ12 ሲካፈል 9 አምፒር።

ቀጥሎ ሽቦው። ባትሪው ከማከፋፈያው 5 ሜትር ይርቃል እንበል። ጅረቱ ሄዶ ስለሚመለስ የሽቦው ርዝመት 10 ሜትር ነው፤ ብዙ ሰው መመለሻውን ይረሳል። በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ መንገድ ላይ የሚጠፋው ቮልቴጅ 0.6 ገደማ፣ ማለትም 5 በመቶ ነው። በ6 ካሬ ሚሊ ሜትር 0.26 ይሆናል፣ ከ3 በመቶ በታች። ለአስፈላጊ ነገር 3 በመቶን አለማለፍ የተለመደ ደንብ ስለሆነ 6ቱን እንመርጣለን። አያችሁ፣ 220 ቮልት ላይ የማይሰማ ብክነት 12 ቮልት ላይ ፓምፑን ያደክመዋል።

አሁን ፊውዙ። ፊውዝ ሁልጊዜ አፉ ድረስ ተጭኖ እንዳይሠራ ሩብ እንጨምርለታለን፦ 9 ሲባዛ በ1.25፣ 11.25። ገበያ ላይ ያለው ቀጣዩ መጠን 15 አምፒር ነው። ከዚያ ዋናውን ጥያቄ እንጠይቅ፦ ሽቦው 15 አምፒርን ያለ ጭንቀት ይሸከማል? 6 ካሬ ሚሊ ሜትር በሚገባ ይሸከማል። ስለዚህ ልክ ነው። ፊውዝ በመጀመሪያ ደረጃ የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ መብራቱን ወይም ሬዲዮውን አይደለም። ከማከፋፈያው ወደ መብራቱ የሚሄደው ሽቦ ቀጭን ከሆነ፣ የ15ቱ ፊውዝ እሱን አይጠብቀውም። መብራቱ 2 አምፒር ብቻ ስለሚፈልግ ለእሱ የ3 አምፒር ፊውዝ ለብቻው ይግባለት። መንገዱ በቀጠነ ቁጥር ፊውዙም ይቀንሳል።

የት ይቀመጥ? ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ እጅግ ቅርብ። ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውምና አጭር መሆን አለበት። የአሜሪካ የጀልባ ደረጃ አውጪዎች ርቀቱ በመደበኛው 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ እንዳያልፍ ይላሉ። ፊውዙን ከመብራቱ አጠገብ ማስቀመጥ በሩን ከፍቶ ጓዳውን እንደመቆለፍ ነው።

ፊውዙ ምን ያህል ጅረት መቁረጥ ይችላል? ይህ ብዙዎች የማያውቁት ቁጥር ነው። የ15 አምፒር ፊውዝ ሁሉ 2,000 አምፒር ሲመጣበት በሰላም አይቆርጥም፤ ትንሽ የብርጭቆ ፊውዝ ሊፈነዳ ወይም በቅስት ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ከባትሪው አጠገብ የሚቀመጠው ዋናው ፊውዝ ባትሪው ሊያወጣ ከሚችለው በላይ የመቁረጥ አቅም ያለው መሆን አለበት። ለትልቅ የሊቲየም ባትሪ ክላስ ቲ የሚባለው፣ 20,000 አምፒር ዲሲ የሚቆርጠው፣ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ሁለት ባትሪ ካለስ? የአንዱን ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ጋር ብታያይዙ ቮልቴጁ ይደመራል፣ 24 ይሆናል። ፖዘቲቭን ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭን ከኔጋቲቭ ብታያይዙ 12 እንደሆነ ይቀራል፣ የሚይዘው መጠን ግን እጥፍ ይሆናል። በሁለተኛው መንገድ ለእያንዳንዱ ባትሪ የየራሱ ፊውዝ ይኑረው፤ አንዱ ከውስጥ ቢበላሽ ሌላው ኃይሉን ሁሉ ያፈስበታልና። ጅረቱ እኩል እንዲካፈል ፖዘቲቩን ከአንደኛው ባትሪ፣ ኔጋቲቩን ከሁለተኛው ባትሪ ውሰዱ። አሮጌና አዲስ፣ እርሳስና ሊቲየም አታደባልቁ።

የቀረው የእጅ ሥራ ነው። ባትሪው በማዕበል እንዳይገለበጥ ይታሰር። ጫፎቹ ቁልፍ ወይም ፒንሳ ቢወድቅባቸው እንዳይነካኩ ይሸፈኑ። ሽቦው የብረት ጠርዝ ላይ እየተፋተገ እንዳይላጥ በቱቦ ይለፍ። የእርሳስ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ ከአየር 4 በመቶ ሲደርስ ሊፈነዳ ስለሚችል ሳጥኑ አየር ማስወጫ ይኑረው። እርጥበት መገናኛዎችን ያዝጋል፤ የዛገ መገናኛ ደግሞ ተቃውሞ ነው፣ ተቃውሞም ሙቀት ነው። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ቀለበትና የብረት ሰዓት አውልቁ። በእውነተኛ ባትሪ ላይ ለመሥራት ግን ሙያውን የሚያውቅ አዋቂ አጠገባችሁ ይኑር። በወረቀት ላይ የተሠራ ስህተት በላጲስ ይጠፋል።

ፊውዝ ሲበጠስ

ፊውዝ ሲበጠስ ብዙዎቻችን ተበላሸ እንላለን። እውነቱ ሌላ ነው፤ ሥራውን ጨርሶ ነው የሞተው። ብሬጌ ቀጭኑን ሽቦ ሲያስገባ የፈለገው ይህንኑ ነበር፤ ርካሹ ነገር ሞቶ ውዱ እንዲተርፍ። ስለዚህ የተበጠሰ ፊውዝ መልእክት ነው፦ "ከእኔ በኋላ ያለውን መስመር እዩት" ይላል። የተላጠ ሽቦ ይኖራል፣ ቅጠል የነከሰ ፓምፕ ይኖራል፣ ወይም አንድ ሰው አዲስ መብራት ጨምሮ ይሆናል። መጀመሪያ ምክንያቱ ይፈለጋል፣ ከዚያ በዚያው ቁጥር ባለው አዲስ ፊውዝ ይተካል። በመዳብ ክር የተካው ሰው መልእክቱን ሳያነብ ቀዶታል።

ቤታችሁ ሶላር ካለ፣ ወይም አባት ወይም አጎት ባጃጅ የሚነዱ ከሆነ፣ ዛሬ ማታ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ፊውዙ የት ነው? ቁጥሩስ ስንት ነው? ሽቦውን ዓይታችሁ፣ ጭነቱን ደምራችሁ፣ በ12 አካፍላችሁ ልክ መሆኑን ራሳችሁ አረጋግጡ። ቁጥሩ ካልገጠመ፣ ወይም ፊውዙ ቦታ ላይ የተጠመጠመ ክር ካገኛችሁ፣ በእጃችሁ ሳትነኩ ለትልቅ ሰው ተናገሩ።